ሐብሐቡ ምን በደለ?



ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ጥቁር አሜሪካዊ ባለበት ስለ ሐብሐብና ስለ ተጠበሰ ዶሮ መቀለድ ትልቅ ነውር እንደሆነ ይነገረዋል። «ምኑ ነው ስድቡ? ሐብሐብ የማይወድ ማን አለ? ዶሮስ የማይበላ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የየዋህ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የሚያሳዝነው ግን መልሱን ሳንፈልግ ቀልዱን ብቻ የምንማር ብዙዎች መሆናችን ነው። ቀልዱ በሥራ ቦታ ይሰማል፣ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይላካል፣ ቆይቶም ከአምልኮ በኋላ ቡና በሚጠጣበት አዳራሽ ውስጥ ይገባል። ሰው ይስቃል፤ ጉዳዩም በሳቅ ያልፋል።

እኔ ግን በሳቅ ሊያልፍ አይገባም እላለሁ። በሰው ምግብ ላይ የሚሰነዘር ስድብ ሰውየውን ከማዕድ የማራቅ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከማዕድ የተባረሩትን ወደ ራሱ በሚጠራ ጌታ የተመሠረተች ናት። ስለዚህ ነገሩ የአሜሪካ ፖለቲካ ነው ብለን የምንተወው አይደለም፤ ወንጌልን ይነካል። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው፤ ከዚያም ወደ ቃሉ እንመለስ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነጻነት ፍሬ

ሐብሐብ መነሻው አፍሪካ ነው። የጥንት ግብፃውያን ያውቁት ነበር፤ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሆነው በግብፅ የበሉትን ሲናፍቁ ከቆጠሯቸው ምግቦች መካከል ይኸው ፍሬ ይገኛል (ዘኍ. 11፥5)። ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ የደቡቡ ሙቀት ተስማማው። በባርነት ዘመን አንዳንድ ጌቶች በባርነት የያዟቸው ሰዎች በትንሽ ቁራሽ መሬት ላይ ሐብሐብ እንዲያለሙ፣ አልፎ አልፎም እንዲሸጡ ይፈቅዱላቸው ነበር።

በጃንዋሪ 1863 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የነጻነት አዋጁን አወጡ፤ በ1865 መጨረሻ ላይ ደግሞ ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ነጻ ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ መሬት አልነበራቸውም፣ ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ማንበብና መጻፍም ተከልክለው የኖሩ ነበሩ። ሐብሐብ ማብቀል ግን ያውቃሉ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሬትና ላብ ይበቃዋል። አበቀሉት፣ ወደ ገበያ አውጥተው ሸጡት፣ በዕረፍት ቀናቸውም በአደባባይ ተቀምጠው በሉት። ትናንት የራሱ ሰዓት ያልነበረው ሰው ዛሬ በራሱ ሰዓት፣ የራሱን ፍሬ፣ ከልጆቹ ጋር ይበላል። እስራኤል ነጻ ወጥተው የባርነት ዘመናቸውን ሐብሐብ ናፈቁ፤ እነዚህ ሰዎች ግን የነጻነታቸውን ሐብሐብ በሉ።

ይህ ዓይን ውስጥ ገባ። ትናንት እንደ ንብረት ይቆጥራቸው የነበረ ሰው ዛሬ በገበያ ነጋዴ ሆነው፣ በአደባባይ ደስ ብሏቸው ሲያያቸው ታገሠ ማለት አይቻልም። ነጻነታቸውን መልሶ መውሰድ ባይችል ትርጉሙን መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ፍሬው ሌላ ታሪክ ተሰጠው። በቀላሉ ይበቅላልና «ሰነፎች ናቸው» ተባለበት። ጣፋጭ ነውና «እንደ ሕፃን ናቸው» ተባለበት። ሲበላ ጭማቂው በአገጭ ላይ ይፈስሳልና «ቆሻሾች ናቸው» ተባለበት። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ የተበረገደ ጥቁር ሰው ሐብሐብ ሲገምጥ የሚያሳይ ሥዕል በፖስትካርድ፣ በማስታወቂያ፣ በዘፈን ኖታ ሽፋን፣ በወጥ ቤት ዕቃ፣ በመጀመሪያዎቹ ፊልሞችም ላይ በብዛት ተሠራጨ። የመልእክቱ ፍሬ ነገር «እነዚህ ሰዎች ነጻነት አይገባቸውም፤ ድምፅ መስጠትን ምን ያደርጉታል? ሐብሐብ ይበቃቸዋል» የሚል ነበር።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ በካሊፎርኒያ የሎስ አላሚቶስ ከንቲባ የነበረ ሰው በ2009 የዋይት ሐውስን ግቢ ሐብሐብ የሞላበት አድርጎ የሚያሳይ ምስል በኢሜይል ልኮ፣ ነገሩ ሲወጣ ከከንቲባነቱ ለመልቀቅ ተገዷል። በወቅቱ ፕሬዚዳንቱ ባራክ ኦባማ ነበሩ። በሃርቫርድ ሕግ የተማሩ፣ በሕዝብ ምርጫ የአገሪቱን ትልቁን ሥልጣን የያዙ ሰው ናቸው። ቀልዱ ይህን ሁሉ በአንድ ፍሬ ሊያጠፋው ሞከረ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ፖስትካርድ ቀለሙን ቀየረ እንጂ መልእክቱን አልቀየረም።

ዶሮውም እንዲሁ

የዶሮው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ከብት መያዝ ባይፈቀድላቸውም ዶሮ ማርባት በብዙ ቦታ ይቻላቸው ነበር። ከነጻነት በኋላ ይህ ሙያ እንጀራ ሆነ። በቨርጂኒያ ግዛት ጎርደንስቪል በምትባል የባቡር መገናኛ ከተማ ጥቁር ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ፣ ዳቦና ቡና በሳፋ ተሸክመው ወደ ባቡሩ መስኮት እየቀረቡ ለተሳፋሪ ይሸጡ ነበር። ባቡሮቹ የመመገቢያ ክፍል ስላልነበራቸው ተሳፋሪው እነርሱን ይጠብቅ ነበር። በዚያ ገቢ ልጆች ያሳደጉ፣ ቤት የገዙም ነበሩ። በአገራችን አውቶቡስ ሲቆም ቆሎና ብርቱካን ይዘው ወደ መስኮት የሚሮጡትን እናቶች ያየ ሰው ይህን ድካምና ይህን ክብር ያውቀዋል።

በ1915 ግን ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ የተባለው ዳይሬክተር «የአንድ አገር ልደት» የሚባለውን ፊልም አወጣ። በፊልሙ ውስጥ ከባርነት ማግሥት የተመረጡ ጥቁር የሕዝብ እንደራሴዎች በሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ውስጥ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ አረቄ እየተጎነጩ፣ የተጠበሰ ዶሮ ሲግጡ ይታያሉ። ተመልካቹ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳቅ ሆኖ አልቀረም። ኩ ክላክስ ክላን የተባለውን ነፍሰ ገዳይ ማኅበር እንደ ጀግና የሚያሳየው ይህ ፊልም፣ ጠፍቶ የነበረው ማኅበር በዚያው ዓመት እንደ ገና እንዲቋቋም መነሻ ሆነ። በሳቅና በገመድ መካከል ያለው ርቀት የምናስበውን ያህል ሩቅ እንዳልሆነ ይህ ያስተምረናል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ1997 ታይገር ዉድስ በ21 ዓመቱ የማስተርስ ጎልፍ ውድድርን በ12 ምት ልዩነት አሸነፈ። ውድድሩ የሚካሄድበት የጆርጂያው ክለብ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው ገና በ1990 ነበር። በክለቡ ልማድ አሸናፊው በቀጣዩ ዓመት ለቀደሙት አሸናፊዎች የሚቀርበውን እራት ራሱ ይመርጣል። ከቀደሙት አሸናፊዎች አንዱ የሆነው ፈዚ ዞለር ታዲያ በካሜራ ፊት ለዚያ እራት የተጠበሰ ዶሮ እንዳያቀርብ ንገሩት አለ፤ «እነርሱ» የሚያቀርቡትን ሌላ ነገርም አያምጣ የሚል ጨመረበት። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀልድ ነበር አለ። ልብ በሉ፦ ወጣቱ በጠረጴዛው ራስ ሊቀመጥ መብት ያገኘበት ቀን ነው። ቀልዱ የመጣው በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሐብሐቡም፣ ከምክር ቤቱም፣ ከዋይት ሐውሱም ጋር አንድ የሚያደርገው ይህ ነው። የምግብ ስድብ ሰው ከፍ ባለበት ሰዓት ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይወረወራል።

«እውነት ነው እኮ!»

ለዚህ ሁሉ የተለመደው መልስ «እውነት ነው እኮ፤ ይበሉታል» የሚል ነው። አዎን፣ የሚበሉ አሉ። እኔም እበላለሁ፣ አንተም ትበላለህ። ስድብ ሁልጊዜ በውሸት አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ከእውነት ቁራሽ ይነሳል። በመጀመሪያ አንዳንዶች የሚበሉትን ያያል። ቀጥሎ ሁሉም ያንኑ ይበላሉ ይላል። በመጨረሻም ማንነታቸውን በዚያ ምግብ ይፈታዋል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሰውየው ምግቡን ባይበላም ለውጥ የለውም።

በኖቬምበር 2014 ጃክሊን ዉድሰን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ የአገሪቱን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተቀበለች። ከመድረኩ ስትወርድ የዝግጅቱ መሪ፣ ራሱ ደራሲና ወዳጇ የሆነ ሰው፣ ሐብሐብ እንደማይስማማት ለታዳሚው ነግሮ በዚያ ላይ ቀለደ። እንግዲህ አስቡት፤ ሐብሐብ ስትበላ ሰውነቷ የሚቆጣ ሴት በሐብሐብ ተቀለደባት! በሕይወቷ ትልቅ በሆነው ምሽት የሰው ትዝታ ከመጽሐፏ ወደ ቀልዱ ዞረ። ሰውየው በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብም ለበጎ ሥራ ሰጠ፤ እርሷ ግን ቁስሉ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈች። ነገሩ ከመጀመሪያውም የምግብ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ከማንም በፊት የተናገረው ጌታችን ነው። ዮሐንስ ሳይበላና ሳይጠጣ ቢመጣ ጋኔን አለበት አሉት። የሰው ልጅ እየበላና እየጠጣ ቢመጣ ደግሞ በላተኛና ጠጪ አሉት (ማቴ. 11፥18-19)። አንደበቱ አስቀድሞ ለንቀት የተሳለ ሰው ብትበላም ይሰድብሃል፣ ባትበላም ይሰድብሃል። ወገኔ ሆይ፣ ይህን ጥቅስ ቀስ ብለህ አንብበው። የክብር ጌታ በሚበላው ምግብ ተሰድቧል። ከቀራጮች ጋር የተቀመጠበት ማዕድ መጠሪያው እንዲሆን ተደርጓል። በምግቡ የተናቀ ሰው ሁሉ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ይወቅ።

በረሃባችንም ተቀልዶብናል

እነርሱ በሚበሉት ተሰደቡ፤ እኛ ደግሞ በማጣታችን ተሰድበናል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኦክቶበር 1984 ከኮረም በተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስለቅሷል፤ ብዙ እህልና ገንዘብም አሰባስቧል። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘገባ ማግሥት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለ ኢትዮጵያውያን ቅጥነትና ባዶ ሳህን የሚቀለዱ ቀልዶች እንደ ወረርሽኝ ተሠራጩ። በ1997 «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የካርቱን ፊልም የተራበ ኢትዮጵያዊ ሕፃንን መሳቂያ ያደረገ ክፍል አቀረበ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን «አንተ ኢትዮጵያዊ ከሆንክ እንዴት አልሞትክም?» የሚል ጥያቄ በምሳ ሰዓት ሰምተዋል። እናት ማልዳ ተነስታ ጠቅልላ የሰጠችውን እንጀራ ሳይከፍቱ መልሰው ወደ ቤት ያመጡም አሉ።

የሞቱት አያቶቻችን፣ አጎቶቻችን፣ የመንደራችን ሰዎች ነበሩ። ሌላው ግን ቀልድ ነው አለ። እንግዲህ የዚህን ቀልድ ምሬት የምናውቅ እኛ፣ የሌላውን ሕዝብ ቁስል በሐብሐብ ቆርሰን ከቡናችን ጋር የምናቀርበው በምን ልብ ነው?

አንዳንዶቻችን ይህን የምናደርገው ለመለየት ነው። «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ለማለት ነው። ግን ሳናውቀው የእነርሱን ማዕድ እየበላን ነው። በፌብሩዋሪ 1, 1960 በኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ አራት ጥቁር ተማሪዎች በዉልዎርዝ መደብር ለነጮች ብቻ በተከለለ የምሳ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። አልቀዱላቸውም፤ እነርሱም አልተነሡም። በማግሥቱ ሌሎች መጡ፤ ትግሉ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ በምግብ ቤቶች በዘር መለየትን ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በዚያው የመብት ትግል ነፋስ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ተሻሽሎ ለአፍሪካውያን በሩ ሰፋ። ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በአትላንታ ሐበሻ ምግብ ቤት ከፍቶ ለሁሉም እንግዳ ክትፎ የሚያቀርበው ወንድም፣ ከመንገድ ዳር ካለ ሬስቶራንት ገብታ ማንም ሳይከለክላት የምትመገበው እህት፣ እነዚያ ተማሪዎች ተቀምጠው ባልተነሡበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ያስቀመጠንን ሰው በሚበላው መስደብ ከንቱ ትምክህት ነው።

ልጆቻችንንም አንርሳ። በትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ የሚሰድብ ሰው ሐበሻና ጥቁር አሜሪካዊ ብሎ አይለይም። አባት በቤት የሳቀበት ቀልድ ልጁን በትምህርት ቤት ያገኘዋል።

በአገራችን ማዕድ ላይ

ይህ በሽታ በባሕር ማዶ ብቻ ያለ እንዳይመስለን። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት እንደ ርኩስ ቆጥረዋቸዋል። የጉማሬው አደን ከቀረ በኋላም ንቀቱ አልቀረም። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች የዱር አውሬና ያልታረደ ሥጋ ይበላሉ እየተባሉ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። ከእነዚህም ውጭ በየአካባቢው ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ ዓሣውን፣ ወተቱን እየጠሩ ጎረቤትን በሚበላው መጥራት እንግዳ ነገር አይደለም። ስሞቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

በሐብሐቡ ያየነው መንገድ በዚህም ይሠራል። ሰውየው መጀመሪያ ይናቃል፤ ምግቡ ምክንያት ሆኖ በኋላ ይጠራል። ንቀቱ የመጣው ከምግቡ ቢሆን ኖሮ ምግቡ ሲቀር አብሮ በቀረ ነበር።

ቀዩ ወጥና የወንድም ስም

የእግዚአብሔር ቃል ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ዔሳው ከዱር ደክሞ ሲመለስ ያዕቆብን ከዚያ ከቀዩ ወጥ አብላኝ አለው፤ ከዚህም የተነሣ ስሙ ኤዶም ተባለ (ዘፍ. 25፥30)። ኤዶም ማለት ቀይ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ሳህን ወጥ ተጠራ ማለት ነው። አባታቸው አንድ ቀን የበላው ምስር መጠሪያቸው ሆኖ በትውልድ መካከል ቀረ።

ሌላም አለ። ዮሴፍ በግብፅ ወንድሞቹን ሲጋብዝ ግብፃውያን ለብቻቸው፣ ዕብራውያንም ለብቻቸው በሉ፤ ከዕብራዊ ጋር መብላት በግብፃውያን ዘንድ ነውር ነበርና (ዘፍ. 43፥32)። እስራኤል ማዕድ የተከለከለ ሕዝብ ነበር።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች በሕጉ መጽሐፍ በአንድ ቁጥር ላይ ይገናኛሉ። እግዚአብሔር ሕዝቡን ኤዶማዊውን እንዳይጸየፉ ያዝዛቸዋል፤ ወንድም ነውና። ግብፃዊውንም እንዳይጸየፉ ያዝዛቸዋል፤ በአገሩ መጻተኞች ነበሩና (ዘዳ. 23፥7)። በወጥ ስም የተጠራው ሕዝብ፣ ማዕድ የከለከለውም ሕዝብ፣ ሁለቱም እንዳይናቁ ታዘዘ። እግዚአብሔር ኤዶምን የሚያውቀው በወጡ አይደለም፤ በወንድምነቱ ነው። ሰው ከሳህኑ ላይ ስም ያወጣል፤ እግዚአብሔር ግን ሳህኑን አልፎ ወንድም ይለዋል።

ጴጥሮስና ከሰማይ የወረደው ጨርቅ

በአዲስ ኪዳን ወንጌል ወደ አሕዛብ የተሻገረበት ደጅ ራሱ የምግብ ደጅ ነበር። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ተርቦ ሳለ በውስጡ እንስሳት ሁሉ ያሉበት ትልቅ ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ አየ፤ አርደህ ብላ የሚል ድምፅም መጣለት። ሦስት ጊዜ ሆነ፤ እርሱም እንቢ አለ (ሐዋ. 10፥9-16)። በቂሣርያ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲቆም ግን የራእዩን ፍቺ ተናገረ፤ እግዚአብሔር ያሳየው ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ነው (ሐዋ. 10፥28)። ስለ ምግብ የታየው ራእይ ስለ ሰው ሆኖ ተፈታ። ጴጥሮስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስም ወንድሞች የከሰሱት ስለ ሰበከላቸው አልነበረም፤ ካልተገረዙ ሰዎች ጋር አብሮ ስለ በላ ነበር (ሐዋ. 11፥3)።

ይህን ሁሉ ያየው ጴጥሮስ ቆይቶ በአንጾኪያ ተሰናከለ። ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረው ሐዋርያ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ አፈገፈገ፤ በርናባስ እንኳ አብሮ ተሳበ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ እንደ ወንጌል እውነት በቅንነት እንዳልሄዱ ስላየ ነው (ገላ. 2፥11-14)። ጴጥሮስ የተናገረው የስድብ ቃል በዚያ አልተጻፈም። ተነሥቶ ሄደ፤ ያ ብቻ በቃ። ጳውሎስ የማዕድ ጉዳይ ነው ብሎ አላቃለለውም፤ የወንጌል እውነት ነው አለው። ከማዕድ በዝምታ መነሣት ይህን ያህል ካስገሠጸ፣ ማዕዱን ራሱን መሳለቂያ ማድረግ ምን ይባላል?

«ቀልድ ነው፤ አታክብደው»

አንዳንድ ቅዱሳን «በዚህ ዘመን ሰው ሁሉ ስሜቱ ስስ ሆኗል፤ ቀልድ ከለከላችሁን» ይላሉ። ሳቅን ማንም አልከለከለም፤ በቤታችን የሚሳቅበት ብዙ አለ። የምሳሌ መጽሐፍ ግን ባልንጀራውን አታልሎ በጨዋታ ነው ያደረግሁት የሚለውን ሰው ፍላጻና እሳት ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል (ምሳ. 26፥18-19)። ፍላጻው የወጋው ሰው የወርዋሪውን ሐሳብ አይጠይቅም፤ ቁስሉን ነው የሚያየው። ያዕቆብም በአንድ አፍ እግዚአብሔርን እየባረክን በእርሱ ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች መርገም ሊሆን እንደማይገባ ይነግረናል (ያዕ. 3፥9-10)። ከአምልኮ አዳራሽ እስከ ቡናው ጠረጴዛ ያለው ሃያ እርምጃ ነው፤ አፉ ግን አንድ ነው።

«ወንጌል እንስበክ እንጂ በዚህ ለምን እንድከም?» የሚልም አለ። መልሱን ጳውሎስ በአንጾኪያ ሰጥቶናል። ደግሞም አስቡት፤ ጌታን ሲፈልግ ወደ ጉባኤያችን የመጣ ጎረቤት፣ የልጃችን የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ከአባላታችን አንዱን ያገባች ጥቁር አሜሪካዊት እህት አማርኛውን ባትሰማ እንኳ ሳቁን ትሰማለች። ሁለት ሰዓት የሰበክነውን አንድ ቀልድ ያፈርሰዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አገልጋዮች ሆይ፣ ጉባኤውን ለማነቃቃት በሌላ ሕዝብ አበላል ወይም አነጋገር መቀለድን ከመድረካችን እናስወግድ። ከመድረክ የተነገረ ቀልድ ፈቃድ ያገኘ ቀልድ ነው፤ ምእመኑ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ስለ ሐብሐቡ ሲጠይቋችሁ ታሪኩን ንገሯቸው፤ የነጻነት ፍሬ እንደነበረ ይወቁ። እንጀራቸውም ሳያፍሩበት የሚከፍቱት ምሳ ይሁን። ሽማግሌዎች፣ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ፣ በጉባኤያችን ውስጥ በዘሩ ወይም በሚበላው ምክንያት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው እንዳለ ለማየት ከስብከቱ ይልቅ ምሳውን ተመልከቱ። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ማየት ብዙ ይነግራል። ከሁሉም በላይ ቀልዱ ሲነሣ ዝም አንበል። መጮህ አያስፈልግም፤ «ወንድሜ፣ ይህ ለሰዎቹ ቁስል ነው፤ እንተወው» ማለት ይበቃል። ለሚሰሙትም ጸጋን የሚሰጥ ቃል ከአፋችን ይውጣ (ኤፌ. 4፥29)። በሌላ ቀን ደግሞ ያንን ጎረቤት ወደ ቤታችን እንጥራው፤ የእኛን እንጀራ ይብላ። በቀጣዩም ሲጠራን የእርሱን ምግብ በምስጋና እንብላ፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነውና (1ጢሞ. 4፥4)።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ይህን ለምታነብቡ ወዳጆች አንድ ቃል አለኝ። ምናልባት በምትበሉት፣ በተወለዳችሁበት፣ በቆዳችሁ ቀለም ክርስቲያን ነኝ በሚል ሰው ተንቃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ርቃችሁ ይሆናል። ያ ንቀት ከጌታ ኢየሱስ አይደለም። እርሱ ራሱ በማዕዱ ተሰድቧል፤ ሆኖም ከማዕዱ አልተነሣም። ከተናቁት ጋር መብላቱን ቀጠለ፤ በተላልፎ መሰጠቱም ሌሊት እንጀራ ቆርሶ ሥጋዬ ነው አለ። ከምሥራቅና ከምዕራብ፣ ከሰሜንና ከደቡብ መጥተው በእግዚአብሔር መንግሥት በማዕድ የሚቀመጡ እንዳሉ የተናገረው እርሱ ነው (ሉቃ. 13፥29)። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሁላችንም ስፍራ በደሙ ተገዝቷል። አጠገባችን የሚቀመጠውን የምንመርጠው እኛ አይደለንም።

ጌታ አንደበታችንን ይቀድስ፤ ማዕዳችንንም ያስፋልን። አሜን።